ህዳሴ ከባዶ ሜዳ አልተነሣም፤ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን አንድ ወዳጄ ስለ አውሮፓ የህዳሴ ዘመን የተጻፈ ጽሑፍ ላከልኝ። «አንብበው፣ ግን እንዳትናደድ» ብሎ። አነበብኩት። ትንሽ ተናደድኩ።

ጽሑፉ መጥፎ ሆኖ አይደለም። ቋንቋው ይፈስሳል። ጸሐፊው ጉዳዩን እንደሚወዱት ያስታውቃል። ችግሩ ታሪኩ ከመጠን በላይ ተስተካክሎ መቅረቡ ነው። እንደ ፊልም ነው፤ ክፉው ሰው ገና በር ሲከፍት ይታወቃል።

ላላነበባችሁት ባጭሩ እንዲህ ይላል። ሮም ወደቀች፤ ሺህ ዓመት ጨለማ ሆነ። በ1453 ቁስጥንጥንያ በቱርኮች እጅ ስትገባ የግሪክ ሊቃውንት መጻሕፍታቸውን ታቅፈው ወደ ጣሊያን ሸሹ፤ ያኔ ነጋ። ቤተ ክርስቲያን ጥበቡን ልታፍነው ታገለች። ዓረቦች የግሪክን ዕውቀት «እንደ ፍሪጅ» አቆይተው አስረከቡ እንጂ የጨመሩት የለም። ሥራው ሁሉ የጥቂት ብቸኛ ሊቆች ሥራ ነው። ኢትዮጵያ ደግሞ በዚያ ሁሉ ጊዜ ተኝታ ነበር።

በየተራ ልያቸው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ከዚያ በፊት ግን ስለ ቃሉ አንድ ነገር። ፈረንጆቹ «ዳግም ልደት» ነው የሚሉት። ቃሉን ለሥነ ጥበብ ያስለመደው ጆርጆ ቫሳሪ ነው፤ ራሱ ሠዓሊ ነበር፣ የሠዓሊዎችን የሕይወት ታሪክም በ1550 አሳተመ። ዳግም ለመወለድ መጀመሪያ መሞት ያስፈልጋል። እኛ ግን «ህዳሴ» አልነው። ሐደሰ ከሚለው ግዕዝ ነው፤ አደሰ ማለት ነው። የሚታደስ ቤት ደግሞ የቆመ ቤት ነው። ጣሪያው ያፈስ ይሆናል፣ ግድግዳው ተሰንጥቆ ይሆናል፤ ግን ቆሟል። እኔን ከጠየቃችሁኝ የእኛ ቃል ይሻላል።

«ሺህ ዓመት ሙሉ አውሮፓ መጽሐፍ አልነካችም»

ጸሐፊው ለዚህ የሚያቀርቡት ምስክር ፖጆ ብራቾሊኒ ነው። ፖጆ የሮማው ፖፕ ጸሐፊ ነበር። በኮንስታንስ ጉባኤ ላይ አለቃው ከሥልጣን ሲወርድ እሱም ሥራ ፈታ። ታዲያ ቁጭ አላለም፤ በየገዳሙ እየዞረ አሮጌ መጻሕፍት ማደን ጀመረ። በ1416 ስዊዘርላንድ ውስጥ፣ በቅዱስ ጋለን ገዳም፣ የሮማዊውን የኩዊንቲሊያንን የንግግር ጥበብ መጽሐፍ ሙሉውን አገኘ። አቧራና ሻጋታ ወርሶት፣ እስር ቤት በሚመስል የግንብ ሥር ክፍል ውስጥ። በሚቀጥለው ዓመት ከአንድ ራቅ ያለ ገዳም የሮማዊውን ገጣሚ የሉክሬቲየስን ረጅም ግጥም አወጣ። ጸሐፊው ይህን ተርከው «እነሆ ጨለማው!» ይላሉ።

እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ። መጽሐፉን እዚያ ማን አስቀመጠው?

የሮማውያን መጻሕፍት መጀመሪያ የተጻፉት በአብዛኛው በፓፒረስ ጥቅልል ላይ ነው። ፓፒረስ በአውሮፓ እርጥበት ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ከሮም ዘመን ወደ ፖጆ ዘመን በራሱ እግር የሄደ መጽሐፍ የለም ማለት ይቻላል። አንድ ሰው በመሃል ቁጭ ብሎ መገልበጥ ነበረበት። ያ ሰው ደግሞ መነኩሴ ነው። በተለይ በ9ኛው ክፍለ ዘመን፣ ንጉሡ ሻርለማኝ በጀመረው የትምህርት ዘመቻ፣ የፈረንሳይና የጀርመን ገዳማት ቁም ጸሐፊዎች ቀን ከሌት ገልብጠዋል። ዛሬ በእጃችን ያሉት የሉክሬቲየስ እጅግ አሮጌ ቅጂዎች የዚያ ክፍለ ዘመን ናቸው። የብዙ ሌሎች የላቲን ደራሲዎችም እንዲሁ።

አንድ ብራና መጽሐፍ ምን እንደሚጠይቅ ደግሞ አስቡት። ቆዳው ይነከራል፣ ይወጠራል፣ ይፋቃል። ወፍራም መጽሐፍ ከሆነ አንድ ሁለት በግ አይበቃውም፤ መንጋ ነው የሚፈጀው። ከዚያ መስመር ማስመር፣ ቀለም መበጥበጥ፣ ብዕር መቅረጽ አለ። ይህን ሁሉ አልፎ፣ አማልክት በሰው ጉዳይ አይገቡም የሚል የአረማዊ ግጥም በትጋት የገለበጠ መነኩሴ ጨለማ ውስጥ ነበር ስትሉኝ ይከብደኛል።

የሚያስቀኝ ነገር ቀጥሎ ያለው ነው። ፖጆና ጓደኞቹ እነዚያን የ9ኛው ክፍለ ዘመን መጻሕፍት ሲያዩ በፊደሉ ወደዱት። ክብ፣ ጥርት ያለ፣ ለዓይን የሚቀል። «የጥንት ሮማውያን ጽሕፈት ይህ ነው» ብለው አሰቡ። ያንን እያስመሰሉ መጻፍ ጀመሩ። የጣሊያን አታሚዎች ደግሞ የእነሱን የእጅ ጽሕፈት አይተው የብረት ፊደል ቀረጹ። ዛሬ በስልካችሁ የምታዩት የላቲን ትንሹ ፊደል የዚያ ዘር ነው። የሮማውያን መስሏቸው የወሰዱት የመነኮሳቱን ነበር ማለት ነው። ሮማውያን እኮ በድንጋይ የቀረጹት ትልልቁን ፊደል ብቻ ነው።

ቀሪውን ቶሎ ልለፈው። የቦሎኛ፣ የፓሪስና የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲዎች የዚያው «ጨለማ» ልጆች ናቸው። መነጽር ጣሊያን ውስጥ የተሠራው በ13ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ ነው። ገጣሚው ዳንቴ የሞተው በ1321 ነው። ሠዓሊው ጆቶ በፓዱዋ ጸሎት ቤት የሚያለቅሱና የሚተቃቀፉ፣ ክብደት ያላቸው ሰዎች የሣለው በ1305 ገደማ ነው።

ጸሐፊው የሚሉት ሁሉ ስህተት ነው አልልም። ከሮም ውድቀት በኋላ በምዕራብ አውሮፓ ከተሞች ተኮማተሩ፣ ንግድ ደከመ፣ ግሪክኛ የሚያነብ ጠፋ ለማለት ትንሽ ቀረው። ግን «ጨለማ» የሚለውን ቃል ለዚያ ዘመን የሰጠው ማን እንደሆነ መጠየቅ ደግ ነው። ገጣሚው ፔትራርካ ነው፣ በ14ኛው ክፍለ ዘመን። ከአንተ በፊት የነበረውን ጨለማ ካልከው አንተ ምን እንደምትሆን ግልጽ ነው።

«ሁሉም የተጀመረው በ1453 ነው»

ይህ ነጥብ በቀን መቁጠሪያ ብቻ ይወድቃል። በ1453 የፍሎረንሱ ሠዓሊ ማዛቾ ከሞተ 25 ዓመት ሆኖታል። የፍሎረንስን ጉልላት የሠራው ብሩኔሌስኪ ከሞተ 7 ዓመት አልፎታል። ካቴድራሉ የተባረከውና ጉልላቱ ያለቀው በ1436 ነው። አልበርቲ ስለ ሥዕል የጻፈው መጽሐፍ የ1435 ነው። ቀራጩ ጊቤርቲ ሚኬላንጀሎ «የገነት በሮች» እንዳላቸው የሚነገርላቸውን የነሐስ በሮች በ1452 ጨርሷል። ጸሐፊው ሠርጉ ካለቀ በኋላ ነው ሙሽራዋን የሚያመጧት።

ግሪክኛውስ? ፔትራርካ የግሪኩ ገጣሚ የሆሜር መጽሐፍ ከቁስጥንጥንያ ተልኮለት ነበር፤ ማንበብ ግን አይችልም። መጽሐፉን አቅፎ እንደሚተክዝ ራሱ ጽፏል። ይህ የሆነው በ1354 ነው። ትካዜው ለተማሪዎቹ ትውልድ ተረፈ። የፍሎረንስ መንግሥት ዋና ጸሐፊ ኮሉቾ ሳሉታቲ ማኑኤል ክሪሶሎራስ የሚባል ሊቅ ከቁስጥንጥንያ አስመጣና በ1397 ማስተማር ጀመረ። ደመወዝ ተቆርጦለት፣ በግብዣ ነው የመጣው እንጂ ሸሽቶ አይደለም። በ1423 ደግሞ ጆቫኒ አውሪስፓ የሚባል ሲሲሊያዊ ከዚያው አገር 238 የግሪክ መጻሕፍት ጭኖ ቬኒስ ገባ። ከተማዋ ልትወድቅ ገና 30 ዓመት ሲቀራት።

እንዲያውም ትልቁ መገናኛ የ1438 እና 1439 ጉባኤ ነው። የምሥራቁና የምዕራቡ አብያተ ክርስቲያናት እንታረቅ ብለው በፌራራና በፍሎረንስ ተሰበሰቡ። የቁስጥንጥንያው፣ የቢዛንታይን ንጉሥ መጣ፣ ፓትርያርኩ መጣ፣ በመቶ የሚቆጠሩ ተከታዮቻቸውም መጡ። ዕርቁ አልዘለቀም። ነገር ግን ከመጡት መሃል ፕሌቶን የተባለው ሽማግሌ ፈላስፋ ስለ ፕላቶ ለፍሎረንስ ሰዎች ሲያወራ ከረመ። ቤሳሪዮን የተባለው ጳጳስ ደግሞ ቆየት ብሎ ካርዲናል ሆነና ጣሊያን ቀረ።

የ1453ን ክብደት ግን አልክድም። ለዚህ ከቤሳሪዮን የተሻለ ምስክር የለም። አገሩ ስትጠፋ መጻሕፍቷ አብረው እንዳይጠፉ ያለውን ገንዘብ ሁሉ አፍስሶ ሰበሰበ። በ1468 ከ700 በላይ መጻሕፍቱን ለቬኒስ ሰጠ፤ ሕዝብ ያንብባቸው ብሎ። ቬኒስ ምን አደረገች? በሳጥን አሽጋ በቤተ መንግሥቷ አስቀመጠቻቸው። የቤተ መጻሕፍቱ ሕንፃ ሥራ የተጀመረው በ1537 ነው። ሰባ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረው። «የብርሃን ዘመን» ላይም ቢሮክራሲ ነበር።

«ቤተ ክርስቲያን የጥበብ ጠላት ነበረች»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ሁለት የተለያዩ ክፍለ ዘመኖችን አንድ ላይ ሰፍተዋል። የተከለከሉ መጻሕፍት ዝርዝር ሮም ላይ የወጣው በ1559 ነው። ይህ የሉተር ተሐድሶ አውሮፓን ለሁለት ከከፈለ በኋላ የመጣ ፍርሃት ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን መቶ ዓመት በዚያ መለካት አይቻልም።

የዚያን መቶ ዓመት ጠባይ የላቲን ሊቁ ሎሬንዞ ቫላ ያሳየናል። ቤተ ክርስቲያን ለምድራዊ ሥልጣኗ የምታቀርበው አንድ ሰነድ ነበራት፤ ንጉሠ ነገሥቱ ቆስጠንጢኖስ ምዕራቡን ዓለም ለፖፑ እንደሰጠ የሚናገር። ቫላ በ1440 ሰነዱ የሐሰት መሆኑን ጻፈ። ማስረጃው ቋንቋው ነበር። በ4ኛው ክፍለ ዘመን ሮማዊ እንዲህ ያለ ላቲን አይጽፍም፤ ያኔ ያልነበሩ ቃላት ሰነዱ ውስጥ አሉ አለ። እንግዲህ የፖፑን ርስት ወረቀት «ፎርጅድ ነው» ያለ ሰው ምን የሚደርስበት ይመስላችኋል? ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፖፕ ኒኮላስ አምስተኛ ሥራ ሰጡት። የግሪኩን ታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስን ወደ ላቲን አስተረጎሙት። ኒኮላስ ራሳቸው መጽሐፍ ሲያዩ የማያስችላቸው ሰው ነበሩ፤ የቫቲካን ቤተ መጻሕፍት መሠረት የእሳቸው ስብስብ ነው።

ራፋኤል «የአቴንስ ትምህርት ቤት» የሚባለውን ሥዕል የሣለውስ የት ነው? በፖፕ ዩልዮስ ሁለተኛ የግል ክፍሎች ግድግዳ ላይ፣ ከ1509 እስከ 1511። ፕላቶና አሪስቶትል መሃል ላይ ቆመው ይከራከራሉ። አንድም ቅዱስ የለበትም።

ጸሐፊው ሰባኪውን መነኩሴ ሳቮናሮላን ያነሣሉ። ልክ ነው፤ በየካቲት 1497 በፍሎረንስ አደባባይ ሥዕል፣ መስታወት፣ የሴት ጌጥና መጽሐፍ ቆልሎ አቃጥሏል። ግን ያንኑ ዓመት ያወገዘው ማን ነው? ፖፑ ነው። በግንቦት 1498 በዚያው አደባባይ ተሰቅሎ ተቃጠለ። ፖፑ ያን ያደረጉት ለሥዕል አዝነው ነው አልልም፤ የፖለቲካ ጠብ ነበር። ይሁን እንጂ «ቤተ ክርስቲያን በአንድ ወገን፣ ጥበብ በሌላ ወገን» የሚለው አሰላለፍ እዚህ አይሠራም።

«ዓረቦች ፍሪጅ ነበሩ»

ይህችን ሳነብ ነው የተናደድኩት።

ፍሪጅ የከተቱበትን ነው የሚመልሰው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ ላይ የተሠራው ግን ሌላ ነው። የግሪኩን ሐኪም የጋለንን የሕክምና መጻሕፍት ወደ ሶርያኛና ዓረብኛ የመለሰው ሁነይን ኢብን ኢስሓቅ አንድ ቅጂ አይበቃውም ነበር። በርካታ የግሪክ ቅጂዎች አሰባስቦ፣ አንዱን ከሌላው አስተያይቶ፣ ስህተቱን አርሞ ነው የሚተረጉመው። ክርስቲያን ነበር በነገራችን ላይ፤ «ዓረቦች» የምንለው ዓለም ውስጥ ሙስሊሙም፣ ክርስቲያኑም፣ አይሁዱም፣ ፋርሱም አለ።

ጌራርዶ የሚባል የክሬሞና ሰው በ12ኛው ክፍለ ዘመን አንድ መጽሐፍ ፍለጋ ወደ ስፔን፣ ቶሌዶ ሄደ። የግሪኩን ሊቅ የቶለሚን የከዋክብት መጽሐፍ ነበር የሚፈልገው። እዚያ ሲደርስ በዓረብኛ ያለውን የመጽሐፍ ብዛት አይቶ ደነገጠ። ቋንቋውን ተማረ፣ እዚያው ቀረ፣ እስኪሞት ድረስ ከ70 በላይ መጻሕፍት ወደ ላቲን መለሰ። ከነዚያ አንዱ የኢብን ሲና የሕክምና መጽሐፍ ነው። አውሮፓ ውስጥ እስከ 17ኛው ክፍለ ዘመን ሐኪሞች የተማሩበት።

ስለ ሥዕል ስለሆነ ወጋችን ኢብን አል-ሀይሠምን ልጥቀስ። ባስራ ተወልዶ ካይሮ የኖረ ሰው ነው፤ የሞተው በ1040 ገደማ። ከግሪኮቹ እነ ኤውክሊድና ቶለሚ ዓይን ጨረር እየላከ ነው የሚያየው ይሉ ነበር። እሱ አይደለም አለ። ብርሃን ከዕቃው ተነሥቶ ወደ ዓይን ይገባል። በጨለማ ክፍል፣ በቀዳዳ በሚገባ ብርሃን፣ በመስታወት እየሞከረ አሳየ። መጽሐፉ ወደ ላቲን፣ ከዚያም ወደ ጣሊያንኛ ተተረጎመ።

ያንን የጣሊያንኛ ትርጉም ማን ከፍቶ እንዳነበበው ታውቃላችሁ? ጊቤርቲ፤ ያው የነሐስ በሮቹ ጌታ። በስተርጅናው ስለ ሙያው በጻፈው ማስታወሻ ውስጥ ስለ ማየት የሚያወራው ሰፊ ክፍል ከዚያ መጽሐፍ እየቀዳ ነው። ከግሪክ ወደ ፍሎረንስ በቀጥታ የመጣ መንገድ ቢኖር ኖሮ በባስራና በካይሮ ባልዞረ ነበር። በ«አቴንስ ትምህርት ቤት» ሥዕል ውስጥም ጥምጣም የጠመጠመ አንድ ሰው አለ፤ የሌላ ሰው ትከሻ ላይ አጎንብሶ ይመለከታል። የኮርዶባው ፈላስፋ ኢብን ሩሽድ ነው ይባላል። ራፋኤል ያስታወሰውን እኛ ለምን እንርሳው?

«የጥቂት ብቸኛ ሊቆች ሥራ»

ስለ ብሩኔሌስኪ ሊቅነት አልከራከርም። ከ1420 እስከ 1436 ድረስ ከ4 ሚሊዮን በላይ ጡብ ያለበትን ጉልላት፣ ከሥር የሚደግፍ ትልቅ የእንጨት ቅርጽ ሳያቆም አወጣው። ጡቦቹን አንዱን አጋድሞ አንዱን አቁሞ፣ እንደ ዓሣ አጥንት እያሰካካ። ድንጋይና ጡብ የሚጎትትለት መሣሪያ በበሬ ይዞራል፤ ጭነቱን ለማውረድ በሬዎቹን ፈትቶ ማዞር አያስፈልግም፤ ማርሽ መቀየር ብቻ ነው።

ግን ይህ ሰው ብቻውን አልነበረም። በሙያው ወርቅ አንጥረኛ ነው። አሠሪው የሱፍ ነጋዴዎች ማኅበር ነው። ሥራው ሲጀመር ጊቤርቲ አብሮት እኩል ኃላፊ ተደርጎ ተሹሞ ነበር፤ ሁለቱ ደግሞ አይዋደዱም። በ1434 ደግሞ ጉልላቱ ሊያልቅ ሲል የግንበኞችና የአናጺዎች ማኅበር አሰረው። ጥፋቱ? የአባልነት መዋጮ አልከፈልክም ተብሎ! ጥቂት ቀን ታስሮ ተፈታ። ይኸውላችሁ ሊቅ።

የሠዓሊው ቤት ደግሞ ወርክሾፕ ነው። ልጁ በአሥራ ምናምን ዓመቱ ይገባል። ይጠርጋል፣ ቀለም ይፈጫል፣ ጣውላ ይለስናል። ቼኒኖ ቼኒኒ የሚባል ሠዓሊ በ1400 ገደማ የሙያውን መመሪያ ጽፏል። እሱ ራሱ ጌታው ዘንድ 12 ዓመት ተምሯል። ያኔ ቀለም የሚበጠበጠው በእንቁላል አስኳል ነበር። ቼኒኖ ምን ይላል? የወጣት ፊት ስትሥል የከተማ ዶሮ አስኳል ተጠቀም፤ ነጣ ያለ ነውና። ለሽማግሌ ወይም ለጠቆር ያለ ፊት ግን የገጠር ዶሮ ይሻላል፤ አስኳሏ ቀላ ይላል። እናቴ ይህን ብታነብ «ታዲያ የሐበሻና የፈረንጅ እንቁላል አንድ ሊሆን ነው እንዴ?» ነበር የምትለው። ይህ ዕውቀት ከሰማይ የወረደ ተሰጥኦ አይደለም። ወጥ ቤት ነው።

አንድ ውል ልጨምር። በጥቅምት 1485 ሠዓሊው ዶሜኒኮ ጊርላንዳዮ በፍሎረንስ ከወላጅ አልባ ሕፃናት ማሳደጊያው አስተዳዳሪ ጋር ተፈራረመ። ሥዕሉ ሰብዓ ሰገል ለክርስቶስ ሲሰግዱ ነው። ውሉ ስለ ተመስጦ አንድ ቃል የለውም። ጊዜው 30 ወር ነው። ክፍያው 115 ፍሎሪን፣ ማለትም የፍሎረንስ የወርቅ ገንዘብ ነው። ሠዓሊው የቀለሙን ወጪ ይችላል። ሰማያዊው ቀለም ደግሞ ወቄቱ አራት ፍሎሪን ገደማ የሚያወጣው ኡልትራማሪን መሆን አለበት። በርካሽ ሰማያዊ እንዳትሸውደን ማለታቸው ነው።

ኡልትራማሪን «ከባሕር ማዶ» ማለት ነው። ላፒስ ላዙሊ ከሚባል ድንጋይ ይወጣል፤ ድንጋዩ የሚቆፈረው በዛሬዋ አፍጋኒስታን፣ በባዳክሻን ተራሮች ነው። በግመል፣ በመርከብ፣ ከነጋዴ ወደ ነጋዴ እየተሸጠ ቬኒስ ይደርሳል። ከዚያ ይወቀጣል። ዱቄቱ ከሰምና ከሙጫ ጋር ተለውሶ እንደ ሊጥ ለቀናት ይታሻል። በአመድ ውኃ ውስጥ ሲታሽ ሰማያዊው ይለቅቃል፤ መጀመሪያ የወጣው ምርጡ ነው። የእመቤታችን ቀሚስ እንዲያ ዓይን የሚስበው ለዚህ ነው። ማዕድን ቆፋሪው፣ ግመል ነጂው፣ ፈጪው ልጅ ስማቸው አይታወቅም። ሥዕሉ ግን እነሱ የሉበትም ማለት አይቻልም።

«ኢትዮጵያ ተኝታ ነበር»

ሌላ ሰው ደግሞ ህዳሴን እኛ ነን የጀመርነው ሊል ይችላል። እሱም ልክ አይሆንም። ግን ተኝተን ነበር የሚለውን የሚያፈርስ የነሐስ በር አለ።

ሮም ሂዱ። የቅዱስ ጴጥሮስ ባሲሊካ መካከለኛው በር ፊላሬቴ የሚባል የፍሎረንስ ቀራጭ በ1445 የጨረሰው ነው። ከበሩ ምስሎች መካከል በፍሎረንሱ ጉባኤ የተገኙ እንግዶች አሉ። ከነዚያ ውስጥ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ይገኛሉ። በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ ገዳም አለቃ አባ ኒቆዲሞስ የላኳቸው ናቸው፤ በ1441 ፍሎረንስ ገቡ። ጉልላቱ ካለቀ ገና አምስት ዓመቱ ነበር። ቀና ብለው አይተውት ይሆናል።

ያም የመጀመሪያው አይደለም። በ1402 የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች አራት ነብሮች ይዘው ቬኒስ ደርሰዋል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ወደ አራጎኑ ንጉሥ አልፎንሶ ልከው የእጅ ባለሙያዎች ጠይቀዋል። ኒኮሎ ብራንካሌዮን የሚባል የቬኒስ ሠዓሊ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኢትዮጵያ መጥቶ ዓመታት ሲሥል ኖሯል፤ መርቆሬዎስ ተብሎ።

በዚያው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ፖፕ ሲክስጦስ አራተኛ ከባሲሊካው ጀርባ ያለችውን የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ለኢትዮጵያውያን መነኮሳት ሰጡ። ፖትከን የሚባል የኮሎኝ ቄስ ሮም ሲኖር ዜማቸውን ሰማና ተማረከ። ቋንቋውን ከአንዱ መነኩሴ ከቶማስ ወልደ ሳሙኤል ተማረ። በ1513 መዝሙረ ዳዊትን በግዕዝ አሳተመ። በፊደላችን የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ ነው። ምስኪን፣ ቋንቋውን «ከለዳዊ» ነው ብሎ ነበር የጠራው። ህዳሴ ላይ ያሉ ሰዎችም ይሳሳታሉ።

ከዚያ ተስፋ ጽዮን መጣ። የደብረ ሊባኖስ መነኩሴ ነው። በአህመድ ግራኝ ጦርነት ዘመን አገሩን ለቅቆ ሮም ገባ፤ እዚያ ጴጥሮስ ሐበሻዊ ይሉታል። በ1548 እና 1549 አዲስ ኪዳንን በግዕዝ አሳተመ። ፊደል ለቃሚዎቹ ጣሊያኖች ናቸው። ስለዚህ መጽሐፉ ውስጥ ስህተት በዛ። ተስፋ ጽዮንም ለአንባቢ ይቅርታ ጻፈ። አባቶችና ወንድሞች ሆይ፣ ስህተቱን አታክብዱብን፤ የሚለቅሙት ማንበብ አይችሉም፣ እኛ ደግሞ መልቀም አንችልም የሚል ነው። ሁለቱ ወገን አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ፣ አንድ ጠረጴዛ ላይ፣ ፊደል በፊደል እየተነጋገረ መጽሐፉን ጨረሰ።